የ1957ን ሙሉ ልብስ አዳማ ላይ ማሰፋት፦ የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር፣ የመጀመሪያው ሳምንት፦ ዓመቱን መለየት

ሠርጉ ጥር ላይ ነው፣ እዚሁ አዳማ። ቲሙ «የአያቶቻችን ዘመን» ተብሏል። የሴቶቹን ልብስ ሙሽራዋና እህቶቿ ይዘውታል። የወንዶቹ ለእኔ ተሰጠ። ሙሽራው የአክስቴ ልጅ ነው፣ እኔ አንደኛ ሚዜው ነኝ። የሚያስፈልገው ለሙሽራው አንድ ሙሉ ልብስ፣ ለሦስታችን ሚዜዎች ሦስት፣ ከዚያ ሸሚዝ፣ ከረባትና ጫማ ነው። በጀቱ 45 ሺህ ብር።

መነሻችን አንድ ፎቶ ነው። የሙሽራው የአባቱ አባት በ1957 ዓ.ም. ሲያገቡ የተነሱት፣ ጥቁርና ነጭ። ምድር ባቡር ይሠሩ ነበር። ኮታቸው አጠር ያለ ነው። ኮሌታው ቀጭን፣ ከረባቱም ቀጭን። ሱሪው ከፍ ብሎ ወገባቸው ላይ ተቀምጧል። እግሩ ጫማው ላይ ሳይከመር ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ባርኔጣቸውን በግራ እጃቸው ይዘዋል።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ነገር ማጥራት ነበረብን። የሚዜዎቹ ግሩፕ ላይ «የ60ዎቹ ፋሽን ነው» ተባለ። አንዱ ወዲያው ከአባቱ ሻንጣ ሰፊ ኮሌታ ያለው ኮትና ቤልቦተም ሱሪ አውጥቶ ፎቶ ላከ። ሌላው ከኢንተርኔት ያገኘውን ቀጭን ከረባትና ጠባብ ሱሪ ላከ። ሁለቱም «60ዎቹ» ነው ይላሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። የፈረንጆቹ 1960ዎቹ በእኛ ከ1952 እስከ 1962 ገደማ ነው። የእኛ 60ዎቹ ደግሞ በፈረንጅ ከ1967 እስከ 1977 ይሄዳል። በነዚህ ዓመታት መሃል የወንድ ልብስ ሙሉ በሙሉ ተገልብጧል። በፊተኛው የከረባት ስፋት 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር ነበር። በኋለኛው 10 ደረሰ፣ አለፈም። ኮሌታው ወደ ትከሻ ተዘረጋ። የሱሪው እግር ከጉልበት በታች ተከፈተ።

እና አባትህ «በ60ዎቹ እንዲህ እንለብስ ነበር» ሲልህ ስለ ቤልቦተም ነው የሚያወራው። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልግ ደግሞ የሚመጣልህ አባትህ ገና ልጅ የነበረበት ዘመን ነው። ሁለቱ አንድ ሠርግ ላይ ከተቀላቀሉ ልብሱ ምንም ዘመን አይሆንም። ስለዚህ ወሰንን፦ ዓመቱ 1957 ነው። ከዚያ በኋላ የመጣ ቅድ አይገባም።

ለማመሳከሪያ የቤተሰቡ ፎቶ ብቻ አልበቃኝም። በግንቦት 1955 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት የተነሱትን ፎቶዎች አወረድኩ። መሪዎቹን ሳይሆን ከኋላቸው የቆሙትን ጸሐፊዎችና ልዑካን አየሁ። የዚያን ጊዜ ሰው ቢሮ ምን ለብሶ እንደሚገባ የሚያሳዩት እነሱ ናቸው። የጥላሁን ገሠሠን የወጣትነት ፎቶዎችም አስቀመጥኩ።

ኅዳር፣ ሁለተኛው ሳምንት፦ ቀለም

ጥቁርና ነጭ ፎቶ ቀለም አይናገርም። ሁላችንም ጥቁር ነው ብለን ነበር። የሙሽራው ሴት አያት በሕይወት አሉ፣ ሄጄ ጠየቅኳቸው። ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ካዩ በኋላ «ጥቁር የለቅሶ ነው ብለው እምቢ አሉ። አመድማ ነው ያሰፉት። ጨርቁን ከድሬዳዋ በባቡር ይዘውት መጡ» አሉኝ። ተመልሼ ፎቶውን ሳየው እውነታቸውን ነው። ጫማው ከኮቱ በጣም ይጠቁራል። ኮቱ ጥቁር ቢሆን ልዩነቱ አይታይም ነበር።

ስለ ሚዜዎቹም ጠየቅኳቸው። የሦስቱም ልብስ ይለያያል። «ያለውን ነው የለበሰ፣ ማን አንድ ዓይነት ያሰፋለታል?» ነው መልሳቸው። ይህቺ ቃል በኋላ ብዙ ገንዘብ አዳነችልን።

ኅዳር መጨረሻ፦ ጨርቅ

አዳማ ያሉትን ጨርቅ ቤቶች ዞርኩ። ቀጥሎ በፍጥነት መንገዱ ወደ መርካቶ። ሁሉም ቦታ አመድማ ሲባል የሚወጣው የሚያብረቀርቅ ጨርቅ ነው። በ1957 ትንሽ ነጸብራቅ ያለው ጨርቅ ይለበስ ነበር፣ እሱ ግን ከሽመናው የመጣ ነው። ይሄኛው ላስቲክ ይመስላል።

«ንጹሕ ሱፍ ነው» የሚለውን ቃል አትመን፣ ክሩን አቃጥለው። ባለ ሱቁን አስፈቅደህ ከጠርዙ አንድ ክር ምዘዝ፣ ክብሪት ጫር። ሱፍ ከሆነ ቀስ ብሎ ይነድዳል፣ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ጫፉ በጣት ሲታሽ እንደ አመድ ይፈርሳል። ፖሊስተር ከሆነ ይቀልጥና ጫፉ ላይ ጥቁር ጠንካራ ፍሬ ይሠራል፣ በጥፍር አይሰበርም። ድብልቅ ከሆነ ፀጉር ይሸትሃል፣ ፍሬውም ይኖራል። በሜትር 2,400 ብር «የእንግሊዝ ሱፍ» የተባለው ጨርቅ ንጹሕ ፍሬ ሠራ። የገዛሁት በሜትር 1,500 ብር የሆነ ሱፍና ፖሊስተር ድብልቅ ነው። ቀለሙ አመድማ ነው። ቀረብ ብለህ ስታየው ነጭና ጥቁር ክር ተጠላልፎ ነው ግራጫ የሆነው። ይሄ ነው ሕይወት የሚሰጠው፣ አንድ ወጥ ግራጫ ፎቶ ላይ የሞተ ይመስላል።

ክብደቱንም አስብ። የድሮ የአውሮፓ ሱፍ ከባድ ነበር። አዳማ ግን ጥር ላይ ማለዳው ቢቀዘቅዝም እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ይከራል። ሙሽራው ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ይቆማል፣ በዚያ ላይ ካባ ይደረብበታል፣ ቀኑን ሙሉ ልብሱን አያወልቅም። ጨርቁን በእጅ ጨምቆ መልቀቅ ነው፦ ቀለል ያለ ሆኖ ሳይጨማደድ ከተመለሰ ለአዳማ ይሆናል። ሊኖ አይቻለሁ፣ ያምራል፣ ግን አንዴ ከተቀመጡበት አለቀ።

1.5 ሜትር ስፋት ካለው ጨርቅ ለአንድ ኮትና ሱሪ 3.2 ሜትር ይበቃ ነበር። 3.5 ገዛሁ። ከመቆረጡ በፊት አርጥቤ ጥላ ላይ ሰቀልኩት፣ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር አጠረ። ሳይረጥብ ቢሰፋ ኖሮ መጀመሪያ ካውያ ሲነካው ነበር ሱሪው የሚያጥረው።

ወጪ፦ ጨርቅ 5,250፣ ገበር፣ ቁልፍና ውስጡ የሚገባው ማጠንከሪያ 900።

ታኅሣሥ፣ የመጀመሪያው ሳምንት፦ ሰፊ መፈለግ

ከተማ ውስጥ ጎበዝ ወጣት ሰፊዎች ሞልተዋል። ፎቶውን ሳሳያቸው ሁሉም «ስሊም ነው የምትፈልጉት» ይሉኛል። አይደለም። የዛሬው ስሊም ሱሪ ዳሌ ላይ ነው የሚታሰረው፣ ጭኑም ይጣበቃል። የ1957ቱ ወገብ ላይ ይታሰራል፣ ጭኑ ላይ ይላላል፣ ወደ ታች ይጠባል። ከሩቅ ይመሳሰላሉ። ሰው ሲቀመጥና ሲነሳ ግን ልዩነቱ ፍጥጥ ብሎ ይወጣል።

በመጨረሻ በሰው በሰው አንድ ሸምገል ያሉ ሰፊ አገኘሁ። የቤታቸውን በረንዳ ሱቅ አድርገውታል፣ ሲንጀር መኪናቸው በእግር የሚረገጥ ነው። ፎቶውን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። አንድም ነገር ሳልናገር «ሱሪው እምብርት ላይ ነው። ኮሌታው ስድስት ተኩል ቢሆን ነው። ትከሻው ላይ ስፖንጅ የለም ማለት ይቻላል» አሉ። እኔ ፎቶውን ስልክ ላይ አጉልቼ ከትከሻው ጋር እያነጻጸርኩ ያሰላሁት ከሰባት በታች ነበር። እሳቸው በዓይን ደረሱበት። የስፌት ዋጋ 7,000 ብር። አልተከራከርኩም።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ በአቡጀዲ እንሞክረው?» አልኳቸው፣ ዋናው ጨርቅ ሳይቆረጥ ልኩን ለማየት። በጣም ደስ አላቸው። አሁን ማንም እንደማይጠይቃቸው ነገሩኝ። የአቡጀዲው 300 ብር ከወጪው ሁሉ ይበልጥ የጠቀመን ነው።

ታኅሣሥ፣ ሁለተኛው ሳምንት፦ የአቡጀዲው ፕሮቫ (የልክ ሙከራ)

ሙሽራው ሱሪውን እንደለበሰ «ይሄ ነገር ደረቴ ጋ ደረሰ» ብሎ ወደ ታች ጎተተው። ጋሼ መልሰው ወደ ላይ ሳቡት። ከፊት ከእግሮቹ መገናኛ እስከ ወገቡ ጠርዝ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። ሁልጊዜ የሚለብሰውን ጂንስ ለካነው፣ 23። ሰባት ሴንቲ ሜትር ሆድ ላይ ብዙ ነው፣ ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል።

ከዚያ ኮቱን አለበሱትና የመሃሉን ቁልፍ ቆለፉለት። መስታወቱ ፊት አቆሙት። ሱሪው ከቁልፉ ሥር ገብቶ ጠፍቷል። አሁን ደግሞ ሱሪውን እንደለመድከው ዳሌህ ላይ አድርገው አሉት። ወዲያው ከቁልፉ በታች ነጭ የሸሚዝ ሦስት ማዕዘን ብቅ አለች፣ የከረባቱ ጫፍም አብሮ ወጣ። ይህቺን ሦስት ማዕዘን በዛሬ የሠርግ ፎቶ ሁሉ ላይ ታያታለህ። በ1957ቱ ፎቶ ላይ የለችም። አካሉ ከደረት እስከ ጫማ ሳይቆረጥ ይወርዳል፣ ሰውየው ረጅም ይመስላል። ሙሽራው ሱሪውን ራሱ ወደ ላይ መለሰው።

ከዚህ ወዲህ ያለኝ እምነት ይሄ ነው፦ የድሮ መልክ የሚመጣው ከቅዱ ነው። ሰው ቪንቴጅ ሲባል ቶሎ የሚሮጠው ወደ ባርኔጣ፣ የኪስ ሰዓትና ፓፒዮን ነው። ሱሪው ዳሌ ላይ ከቀረ እነዚህ ሁሉ ቢደረደሩ ልብሱ የዛሬ ነው። ሱሪው ቦታውን ከያዘ ደግሞ ምንም ሳይጨመርበት ዘመኑ ይታያል።

የተስማማንባቸው ልኮች፦ የኮት ኮሌታ 6.5፣ ሦስት ቁልፍ፣ የሚቆለፈው የመሃሉ ብቻ። የኮቱ ርዝመት መቀመጫውን ሸፍኖ የሚያበቃ። እጅጌው የሸሚዙን ጫፍ 1.5 ሴንቲ ሜትር ያሳያል። የሱሪው እግር ጫፍ ስፋት 18.5፣ እጥፍ የለውም። ቀበቶ የለም። በጎንና በጎን ጠበቅ ላላ የሚያደርግ ትንሽ ማሰሪያ ይሰፋል።

ታኅሣሥ አጋማሽ፦ የሚዜዎቹ ኮት

መጀመሪያ ኪራይ አየን። ያገኘነው ሁሉ ኮሌታው ላይ ሳቲን ያለበት፣ ወገቡ የተጣበቀ ነው። ተውነው።

ቀጥሎ ሰልባጅ። ኮት ከሰልባጅ ሲመረጥ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ትከሻ። ትከሻው ሰውየው ትከሻ ላይ ካላለቀ መልሰው ይስቀሉት፣ ትከሻ ማስተካከል ኮቱን እንደገና መስፋት ነው። እጅጌ ማሳጠር፣ ወገብ ማጥበብ ቀላል ነው። ማስፋት የሚቻለው ውስጡ የተተወ ጨርቅ ካለ ብቻ ስለሆነ የኋላ ስፌቱን ገልጠህ እይ። የድሮ ኮቶች ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ሴንቲ ሜትር ታገኛለህ። ከዚያ ብብቱን አሽትት፣ ወደ ብርሃን አንሥተህ የብል ቀዳዳ ፈልግ።

ሦስት ጥቁር ሰማያዊ ኮት በ2,000፣ በ1,800 እና በ2,400 ብር ተገዛ። ሱቁ ውስጥ አንድ ነበሩ። ፀሐይ ላይ ስናወጣቸው አንዱ ወደ ወይን ጠጅ፣ አንዱ ወደ አረንጓዴ ሄደ። ቀለም መንከር ታሰበ። ከውስጥ በተቆረጠ ቁራጭ ላይ ተሞከረ፣ ጨርቁ ፖሊስተር ስላለበት ቀለሙ ታጥቦ ሄደ።

ያኔ ነው የአያት ቃል የመጣው። ሦስቱ ለምን አንድ ይሆናሉ? ለአንዱ ሚዜ ኮቱን ለወጥንለትና ቡላ አደረግነው። ሁለተኛው ጥቁር ሰማያዊው ቀረ። እኔ ወደ አረንጓዴ የሄደውን ወሰድኩ። ሱሪዎቹ አዲስ ተሰፉ፣ ሁሉም እምብርት ላይ። ነጭ ሸሚዝና አንድ ዓይነት ከረባት ያስተሳስራቸዋል። አሁን ሦስት ወንድማማቾች ይመስላሉ፣ የአንድ ድርጅት ዩኒፎርም አይመስሉም።

የኮሌታ ማጥበቡ ከባዱ ሥራ ነው። የአንዱ ኮት ኮሌታ 9 ነበር፣ ጋሼ 7 አደረሱት። ጠርዙን ፈትተው፣ የውስጡን ማጠንከሪያ ቆርጠው፣ እንደገና ገለበጡት። የአበባ ማስገቢያዋ ቀዳዳ ግን ጠርዙ ላይ ቀረች። በእጅ ስፌት ደፍነው አዲስ ከፈቱ። ድፍኑ ቀረብ ብሎ ለሚያይ ይታያል፣ አበባው ይሸፍነዋል ብለን አለፍነው። በሌሎቹ ላይ 7.5 ስለነበር አልነካናቸውም።

ወጪ፦ ኮት 6,200፣ ማስተካከያ 3,000፣ የሱሪ ጨርቅ 3,510፣ የሱሪ ስፌት 3,600። ቡላውን ስንለውጥ ሌላ ብር አልጨመርንም።

ታኅሣሥ መጨረሻ፦ ከረባት

ቀጭን ከረባት ገበያ ላይ አለ፣ ግን የሚያብረቀርቅ ነው። ሰልባጅ ላይ ደግሞ ጥሩ ጨርቅ ያላቸው ሰፋፊ ከረባቶች በ150 ብር ይገኛሉ። አምስት ገዛሁ፣ አንዱ ለመሞከሪያ። ይሄን ራሴ ሠራሁት።

ከረባቱን ገልብጥ። ከኋላ መሃሉ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚሄድ አንድ ላላ ያለ ክር አለ። ጫፍና ጫፉ ላይ ያሉትን ቋጠሮዎች ፍታና ክሩን ሳበው፣ ሙሉው ይከፈታል። ውስጡ ወፍራም ጨርቅ ታገኛለህ። ቅርጹን የሚሰጠው እሱ ነው። መጀመሪያ እሱን በሳሙና ምልክት አድርገህ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ቁረጠው። ከዚያ የውጪውን ጨርቅ በእሱ ዙሪያ እጠፈው፣ የተረፈውን 1.5 ትተህ ቁረጥ። የከረባት ጨርቅ በሰያፍ ነው የተቆረጠው፣ ስለዚህ ከሳብከው ይለጠጥና ይጣመማል። ጠረጴዛ ላይ አስተኝተህ ሥራ፣ በአየር ላይ አትያዘው። ስፌቱ በእጅ ነው፣ ላላ ብሎ። በመኪና ከተሰፋ ሲታሰር ይኮማተራል።

ካውያውን ጠርዙ ላይ አትጫን። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ከላይ አድርገህ በእንፋሎቱ ብቻ አስተካክል። ጠርዙ ክብ ሆኖ መቅረት አለበት። ከተጨፈለቀ ካርቶን ይመስላል።

ጥር፣ ከሠርጉ በፊት፦ የቀረው ሁሉ

ሸሚዝ፦ ኮሌታው ትንሽ፣ ጫፉ አጭር መሆን አለበት። ትልቅ ኮሌታ ከቀጭን ከረባት ጋር አይሄድም። አራት ሸሚዝ 6,400።

ጫማ፦ የሙሽራው ጥቁር፣ ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ ማሰሪያ ያለው፣ 4,200። ሶሉ ቆዳ ነው። የአዳራሹ ወለል ሴራሚክ ስለሆነ እስክስታ ላይ ያንሸራትታል፣ ሶሉን በብርጭቆ ወረቀት ሻከር አድርገነዋል። ሚዜዎቹ ያላቸውን ጫማ ሶል አስቀየሩ፣ 1,800።

የደረት ኪስ መሃረብ፦ ነጭ፣ ቀጥ ብሎ ታጥፎ አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚታይ። አበባ የሚመስለው አስተጣጠፍ ለዚህ ዘመን አይሆንም።

ባርኔጣ፦ ተውነው። ጥር ላይ የአዳማ ንፋስ የታወቀ ነው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ባርኔጣ ሲያሳድድ የሚውል ሚዜ አያስፈልግም።

ካባ፦ ይሄን ቀድመው ያስቡበት። ካባው ኮቱ ላይ ነው የሚደረበው። ትከሻው ላይ ስፖንጅ ያለው ኮት ከሥር ይከመራል። የእኛ ትከሻው ለስላሳ ስለሆነ ካባው ተኝቶ ተቀመጠ። ከቤተ ክርስቲያን የተዋስነውን አስቀድመን ለብሶ ሞከረው።

የመጨረሻው ፕሮቫ ላይ ሙሽራው ከስቷል። የሱሪው ወገብ ላላ። የጎን ማሰሪያዎቹ ግን ለዚህ ነው የተሰፉት፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ሳብ ተደርጎ አለቀ። የዚያን ቀን መብራት ስለጠፋ ጋሼ የከሰል ካውያቸውን አወጡ። በእርጥብ ጨርቅ ላይ ነው የተኮሱት፣ ፍንጣሪ እንዳይደርስበት። የኮሌታው አወራረድ ከኤሌክትሪኩ ይልቅ አምሮ ወጣ፣ ክብደቱ ነው መሰለኝ።

ከሠርጉ በኋላ

ልብሶቹ ቀኑን ቆሙ። የሙሽራው ሱሪ ከመኪና ሲወርድም ከጭፈራ በኋላም ቀጥ ብሎ ነበር። ከሰዓት ላይ ሞቆታል፣ ኮቱን ግን አላወለቀም። የእኔ ከረባት የኋላ ስፌት እስክስታ ላይ ተፈታ፣ በመርፌ ቁልፍ ተያዘ። ቀጣዩን የምሠራ ከሆነ ጫፍና ጫፉን ደጋግሜ እቋጥራለሁ። ቡላው ኮት ከሁሉም ይበልጥ ተወዷል።

አያት ለሰላምታ ሲቀርቡ የሙሽራውን ኮት ጠርዝ በሁለት ጣታቸው ይዘው አሹት። «የእሳቸው ይከብድ ነበር» አሉ።

ላውንደሪ 1,000 ብር ከፍለን ጠቅላላው 43,910 ደረሰ፣ ትራንስፖርት ሳይጨምር። ሙሽራው ኮቱን ሰፊ ማንጠልጠያ ላይ በጨርቅ ሸፍኖ ሰቅሎታል፣ ፕላስቲክ እርጥበት ስለሚይዝ አላስደረግነውም። የተረፈውን ቁራጭ ጨርቅ ለጥገና አስቀምጫለሁ። የወረቀት ቅዱ ጋሼ ጋ ነው። ለሚያዝያ የሚያገባ የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ፕሮቫ ጠይቋል፣ አቡጀዲ ገዝቶ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ።